«ሰነፍ ነች» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ታይሮይድ እጢ ያደረግኩት ንግግር

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? እሺ ጥሩ። በመጀመሪያ እረፍታችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጆቻችሁን ታቅፋችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህትና ወንድሞቼ፣ ከፊት የተቀመጣችሁ ተማሪዎችም፣ ክብረት ይስጥልኝ።

አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ታይሮይድ ቀለል አርገህ አስረዳን» ነው ያሉኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ይሄን ገና ከመነሻው ልናገር። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እናንተ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የምትሰጡትን ደም ተቀብዬ ማሽን ላይ የምጭን፣ የሚወጣውን ቁጥር አይቼ፣ አረጋግጬ፣ ፈርሜ የምልክ ሰው ነኝ። ዛሬ የማወራችሁም ከዛ ወንበር ላይ ሆኜ ስላየሁት ነው። ካየኋቸው ውስጥ አንዱ የገዛ እህቴ ደም ነው፣ እሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ።

እስቲ ሁላችሁም ሁለት ጣታችሁን አንገታችሁ ላይ አርጉ። አዎ አሁን፣ አትፈሩ። ማንቁርታችሁን አገኛችሁት? ከሱ ትንሽ ዝቅ በሉ። አሁን ምራቃችሁን ዋጡ። ወደ ላይ ወጥቶ የወረደ ነገር አለ አይደል? እዛ ጋ ነች። ጤነኛ ስትሆን ብዙ ጊዜ በጣት አትለይም፣ ግን ከማንቁርቱ ጋር አብራ ትወጣለች አብራ ትወርዳለች። ሐኪም አንገታችሁን ይዞ «ዋጡ» የሚላችሁ ለዚህ ነው፣ እብጠቱ ሲዋጥ አብሮ ከተነሳ የታይሮይድ ሊሆን ይችላል ብሎ ይጠረጥራል። ቅርጿ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ይመስላል፣ አንዱ ክንፍ ከአየር ቧንቧው በቀኝ ሌላው በግራ፣ መሀል ላይ በቀጭን ድልድይ ተያይዘው። ክብደቷ በአዋቂ ሰው 20 ግራም ገደማ ነው። ሃያ ግራም! እና ይቺ ሃያ ግራም የልባችሁን ምት፣ የሰውነታችሁን ሙቀት፣ የአንጀታችሁን እንቅስቃሴ፣ የፀጉራችሁን እድገት፣ የሀሳባችሁን ፍጥነት፣ ሁሉንም ትነካለች።

ሶስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ ይቺ እጢ ምን ትሰራለች፣ ከምንስ ትሰራዋለች። ሁለተኛ፣ ማን ያዛታል። እዚህኛው ላይ ቆየት እላለሁ ምክንያቱም ብዙ ሰው ወረቀቱን ተገልብጦ የሚያነበው እዚህ ጋ ነው። ሶስተኛ፣ ስትታመም ምን ይሆናል።

ወደ አንደኛው ልግባ።

የታይሮይድ ስጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በጣም ያምራል። ትናንሽ ክብ ክብ ከረጢቶች ተደርድረው ታያላችሁ፣ ግድግዳቸው አንድ ረድፍ ሴል ነው፣ መሀላቸው ደግሞ ወፈር ያለ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ሞልቶታል። ተማሪ እያለሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ከሌንሱ ላይ አይኔን መንቀል አቅቶኝ መምህራችን «ለሌላውም ልቀቅለት እንጂ» ብለውኛል። ስራው የሚሰራው እዛ ነው። የግድግዳው ሴሎች ከሚያልፈው ደም ውስጥ አዮዲን እየለቀሙ ወደ ውስጥ ያስገባሉ፣ ደም ውስጥ ካለው ሰላሳ እጥፍ ገደማ እስኪሆን ድረስ ያከማቹታል። ከዛ ታይሮግሎቡሊን የሚባል ትልቅ ፕሮቲን አለ፣ እሱ ላይ ታይሮሲን የሚባሉ ፍሬዎች አሉ፣ አዮዲኑን እነሱ ላይ ይለጥፉታል። አንድ የተለጠፈበት አለ ሁለት የተለጠፈበት አለ። ሁለት ያለበት ሁለት ካለበት ጋር ሲገጥም አራት አዮዲን ያለው ይሆናል፣ እሱ ቲ4 ነው። አንድ ያለበት ሁለት ካለበት ጋር ሲገጥም ሶስት ያለው ይሆናል፣ እሱ ቲ3 ነው። ወረቀታችሁ ላይ ቲ3 ቲ4 እያለ የሚጻፈው ሌላ ምስጢር የለውም፣ የአዮዲን ቁጥር ነው።

የተሰራው ሆርሞን፣ ማለትም በደም ተጉዞ ለሰውነት መልእክት የሚያደርሰው ነገር፣ ወዲያው አይወጣም። መሀል ያለው ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል፣ ለሁለትና ሶስት ወር የሚበቃ ክምችት አላት። ሌሎች እጢዎቻችን እንዲህ አርገው አያስቀምጡም፣ እሷ ግን ታጠራቅማለች። ለምን ይመስላችኋል? አዮዲን ሁልጊዜ የሚገኝ ነገር ስላልሆነ ነው። ባህር አካባቢ በብዛት አለ፣ ከባህር በራቀ፣ ዝናብና ጎርፍ አፈሩን አጥቦ በወሰደበት ተራራማ ቦታ ግን አፈሩም ውሃውም አዮዲን ያንሰዋል።

ስንት ያስፈልገናል? ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250። ማይክሮግራም ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እኔ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁት፣ 150 ማይክሮግራም በየቀኑ ለሰባ አመት ሲደመር አራት ግራም እንኳን አይሞላም። የአንድ ሰው የእድሜ ልክ አዮዲን አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም ማለት ነው! ግን ያቺ ማንኪያ ከጎደለች የሚመጣውን ታውቁታላችሁ፣ እንቅርት።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን አይደል? አባቶቻችን ይሄን ተረት ያወጡት ዝም ብለው አይደለም፣ እንቅርት ሰዉ በየቀኑ የሚያየው ችግር ስለነበረ ነው። ብዙ ቦታ በአለም ዙሪያ እንደዛ ነበር፣ የአልፕስ ተራሮች ስር ያሉ መንደሮች ውስጥ እንቅርት የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። አዮዲን ራሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1811 ነው፣ ኩርቱዋ የሚባል ፈረንሳዊ የባህር አረም አመድ ላይ ሲሰራ ሐምራዊ ጭስ አየ። ታይሮይድ ውስጥ አዮዲን እንዳለ ለማወቅ ግን እስከ 1895 ድረስ ፈጀ፣ ባውማን የሚባል ጀርመናዊ ነው ያገኘው። ከዛ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ስዊዘርላንድ በ1922 አዮዲን ያለው ጨው ማደል ጀመረች፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1924 ሚሺጋን ተከተለች። ጨው የተመረጠው ሀብታምም ደሃም ሁሉም ሰው በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ስለሚበላው ነው። እኔ ከህክምና ታሪክ ሁሉ ይሄን አብልጬ እወደዋለሁ፣ በዚህ ያህል ቀላል ነገር የዚህን ያህል ልጆች አእምሮ የዳነበት ስራ ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። እንቅርት የሚነግራችሁ የእጢዋን መጠን ነው፣ ስራዋን አይነግራችሁም። ትልቅ ሆና ሆርሞን ያነሳት አለች፣ ትልቅ ሆና ሆርሞን የበዛባት አለች፣ ትልቅ ሆና ልኳን የምትሰራም አለች። ስለዚህ አንገት አይቶ ብቻ መፍረድ አይቻልም፣ ደም መታየት አለበት።

አሁን ሁለተኛው። ማን ያዛታል?

ከአንጎላችን ስር፣ ከአፍንጫችን ጀርባ በኩል በሉት፣ የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የምትባል እጢ አለች። ከሷ በላይ ደግሞ ሃይፖታላመስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለ። ሃይፖታላመስ ቲአርኤች የሚባል መልእክት ወደ ፒቱታሪ ይልካል፣ ፒቱታሪ ደግሞ ቲኤስኤች የሚባለውን ሆርሞን በደም በኩል ወደ ታይሮይድ ትልካለች። ቲኤስኤች ማለት ታይሮይድን የሚቀሰቅስ ሆርሞን ነው። ልብ በሉ፣ ስሙ ውስጥ ታይሮይድ ስላለ ታይሮይድ የምትሰራው ይመስላል። አይደለም! ፒቱታሪ ናት የምትሰራው። ይቺን አንዲት ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳን የኔ ድካም ከንቱ አልሆነም።

እኔ ለሰው ሳስረዳ እንዲህ ነው የምለው። እናት ከጓዳ ሆና ልጇን ትጠራለች እንበል። «አንቺ!» ስትል ልጅቷ «አቤት!» ካለች ነገሩ አለቀ፣ እናትየው ድምጿን ዝቅ ታረጋለች። «አቤት» የሚል ከጠፋ ግን ምን ታረጋለች? ጮክ ትላለች። አሁንም ዝም ካለ ደግማ ትጮሃለች፣ ጎረቤት እስኪሰማ ትጮሃለች። ፒቱታሪ ጠሪዋ ናት፣ ታይሮይድ አቤት ባይዋ ናት። ቲኤስኤች የጥሪው ድምጽ ነው፣ ቲ4 «አቤት» ነው።

ስለዚህ ቲኤስኤች ከፍ አለ ማለት ምን ማለት ነው? ጩኸቱ በዛ ማለት ነው። ጩኸቱ ለምን በዛ? አቤት የሚል ስለጠፋ! ታይሮይዷ ደክማለች ማለት ነው። ቲኤስኤች በጣም ወርዶ ዜሮ አጠገብ ሲደርስ ደግሞ ልጅቷ ሳትጠራ «አቤት አቤት አቤት» እያለች ቤቱን ሞልታዋለች፣ እናትየው የምትጠራበት ምክንያት የላትም፣ ዝም ብላለች። ታይሮይዷ ከልክ በላይ እየሰራች ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል እጢዋ ዝቅ፣ ቁጥሩ ዝቅ ሲል እጢዋ ከፍ። ተገላቢጦሽ ነው። እደግመዋለሁ፣ ተገላቢጦሽ ነው!

ለምን እንደዚህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገራችሁ። አንዲት ሴትዮ የውጤት መስጫው መስኮት ጋ መጥተው ወረቀታቸውን እያሳዩኝ «ልጄ፣ ባለፈው ታይሮይድሽ ከፍ ብሏል ስላሉኝ መድሃኒቱን ትቼዋለሁ፣ ጭራሽ ባሰብኝ» አሉኝ። አያችሁ? ከፍ ያለው ቲኤስኤች ነበር። እሳቸው ታይሮይዴ በዝቶብኛል ብለው ሰውነታቸው የሚጮህለትን መድሃኒት አቆሙ። ፊታቸው አብጦ ነበር፣ ወረቀቱን የያዙበት እጃቸው ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ሲያወሩ ቃሉ እየጎተተ ነው የሚወጣው። ማንም አልዋሻቸውም፣ ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳቸውም እንጂ። እዛው መስኮቱ ጋ ይቺኑ የእናትና የልጅ ምሳሌ ነገርኳቸውና ወደ ሐኪማቸው መለስኳቸው። ከዛ ቀን ጀምሮ ይሄን ምሳሌ በሄድኩበት አወራዋለሁ።

የተለመደው የቲኤስኤች ልክ ለአዋቂ ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው፣ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ትንሽ ይለያያል፣ ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የሚጻፈውን እዩ። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ልኩ ሌላ ነው። አንድ አንድ ጊዜ ጠሪዋ ራሷ ፒቱታሪ ትታመማለች፣ ያኔ ቲ4 ወርዶም ቲኤስኤች አይጮህም፣ ስለዚህ ሐኪሙ ሁለቱንም አብሮ ሊያዝ ይችላል፣ ገንዘብ ለማስወጣት ነው ብላችሁ አትጠርጥሩት።

ቲ4 ከእጢዋ ከወጣ በኋላስ? እሱም የሚያስገርም ነው። አብዛኛው የሚወጣው ቲ4 ነው፣ ግን ሴል ውስጥ ገብቶ ስራውን የሚሰራው በዋናነት ቲ3 ነው። ጉበት፣ ኩላሊትና ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ከቲ4 ላይ አንዷን አዮዲን ነቅለው ቲ3 ያረጉታል። ከሰውነታችን ቲ3 ውስጥ ሰማንያ ፐርሰንት ያህሉ የሚገኘው እንደዚህ ነው። ደም ውስጥ ሲጓዝ ደግሞ ለብቻው አይሄድም፣ ፕሮቲን ተሸክሞት ነው የሚሄደው። ከ10,000 የቲ4 ሞለኪውል ውስጥ ሳይታሰሩ ነጻ የሚሄዱት 3 ገደማ ናቸው፣ ሴል ውስጥ መግባት የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ወረቀት ላይ «ፍሪ ቲ4» የሚለው እነዛን ሶስቱን የሚለካው ምርመራ ነው። የታሰረው ደግሞ በከንቱ አይደለም፣ መጠባበቂያ ነው፣ ቲ4 ደም ውስጥ ገብቶ ግማሹ እስኪያልቅ ሰባት ቀን ያህል ይፈጃል።

ቲ3 ሴሉ ውስጥ ሲገባ እስከ ኒውክለሱ፣ የሴሉ ማዘዣ እስከሆነው እምብርት ድረስ ዘልቆ ጂኖችን ያበራል ያጠፋል። ይሄ ምን ያህል ሀይለኛ እንደሆነ በሰው ከማስረዳት በእንቁራሪት ማስረዳት ይቀለኛል። የእንቁራሪት እጭ አይታችኋል? ያቺ ጭራ ያላት፣ እግር የሌላት፣ ውሃ ውስጥ እንደ ትንሽ አሳ የምትዋኘው። እ.ኤ.አ. በ1912 ጉደርናች የሚባል ተመራማሪ ለእጮቹ የተለያየ የእንስሳ እጢ ቆራርጦ መገባቸው። ታይሮይድ የበሉት ከጊዜያቸው ቀድመው ጭራቸው መጥፋት፣ እግራቸው መውጣት ጀመረ፣ ገና ትንንሽ እያሉ እንቁራሪት ሆኑ። ከዛ በኋላ ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የእጮቹን ታይሮይድ አወጡ፣ እነዛ ምን ሆኑ? እየገዘፉ ሄዱ እንጂ እንቁራሪት አልሆኑም፣ እድሜያቸውን ሙሉ እጭ እንደሆኑ ቀሩ! አንድ ሆርሞን ነው፣ አካልን እንዳለ የሚቀይር። ይሄን ሳስብ የእኛ ህጻናት ትዝ ይሉኛል።

ምክንያቱም ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ሆርሞን ገና በበቂ አይሰራም፣ ከእናቱ የሚመጣውን ቲ4 ነው የሚጠቀመው፣ አንጎሉ የሚገነባው በዛ ነው። አንዳንድ ህጻን ደግሞ ከነጭራሹ ታይሮይድ ሳይኖረው ወይ በደንብ የማትሰራ ይዞ ይወለዳል፣ ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱት አንዱ። ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል፣ ይጠባል ይተኛል፣ እንዲያውም «አያስቸግርም፣ ጨዋ ልጅ ነው» ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ታውቆ መድሃኒት ከጀመረ እንደማንኛውም ልጅ ያድጋል፣ ከዘገየ ግን አንጎሉ ላይ የደረሰው ጉዳት አይመለስም። አንዲት ጠብታ ደም ከተረከዙ ላይ ወስዶ መመርመር ነው። እናቶች እባካችሁ፣ ምርመራው ካለ «ልጄን አትውጉብኝ» አትበሉ። እባካችሁ።

ሶስተኛው ላይ ደረስኩ፣ እህቴን የማመጣውም አሁን ነው።

ታላቅ እህቴ ናት። እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ፣ ቤታችን ውስጥ ከሁሉም ቀድማ የምትነሳ ሰው ነበረች። ከዛ የሆነ ጊዜ ላይ ተቀየረች። ሲቀየር ደግሞ በአንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት አመት ያህል ፈጅቶ ቀስ በቀስ ነው፣ ለዛ ነው ያላየነው። ሰው ሁሉ ሞቆት እጅጌውን ሲሰበስብ እሷ ሹራብ ትደርባለች። ወሬ ጀምራ መሀል ላይ ትተኛለች። ትረሳለች፣ እሳት ላይ የጣደችውን ረስታ ቤቱ በጭስ ይሞላል። ወፈረች፣ ግን የምትበላው ቀንሷል። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፣ ቅንድቧ ከወደ ጫፉ ሳሳ። ድምጿ ጎረነነ፣ ስደውልላት ሁልጊዜ አሁን ከእንቅልፏ የነቃች ነው የምትመስለኝ። አንድ ቦታ ታክማ «ጭንቀት ነው» ተብላ ቫይታሚን ተሰጥቷት ተመልሳለች።

እኔስ ምን አልኩ? ልጆቿ ፊት «ስንፍና አበዛሽ» አልኳት። አዎ ብያታለሁ። አልመለሰችልኝም፣ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ስራዋ ተመለሰች፣ ቀስ እያለች። ያ አስተያየቷ እስካሁን አለ።

በቀን ስንት የታይሮይድ ናሙና በእጄ ያልፋል! የአባይን ልጅ ውሃ ጠማት ማለት ይሄ ነው። አንድ ቀን ቤቷ ሄጄ ስሰናበት እጇን ያዝኩት፣ በጣም ቀዘቀዘኝ፣ ቆዳዋ ሻክሯል። ሳላስበው ጣቴ የደም ስሯ ላይ አረፈና ቆጠርኩ። በደቂቃ 48። ሯጭ አይደለች፣ የልብ መድሃኒት አትወስድ። ያኔ ነው ሁሉም ነገር በአንዴ የተገለጠልኝ፣ ሹራቡ፣ እንቅልፉ፣ ድምጹ፣ ቅንድቡ። በነጋታው ሐኪም ጋ ወሰድኳትና ምርመራው ታዘዘላት፣ ደሟን ራሴ ጫንኩት። ለቲኤስኤችዋ ማሽኑ የሰጠኝ ቁጥር የለም፣ «ከ100 በላይ» ብሎ ነው የጻፈው፣ ሊለካ ከሚችለው አልፏል ማለት ነው። መጀመሪያ ማሽኑ ተበላሸ ብዬ መቆጣጠሪያውን ናሙና ጫንኩ፣ ልክ ነው። የሷን ደገምኩት፣ ያው። ፍሪ ቲ4ዋ የለም ማለት ይቻላል። ፒቱታሪዋ ሁለት አመት ሙሉ ስትጮህ ነበር፣ የሰማት የለም። እኔም አልሰማሁም። ጓንቴን አወለቅኩና ወጥቼ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ።

የሷ በሽታ ሃሺሞቶ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ለመጀመሪያ ጊዜ በጻፈው ጃፓናዊ ሐኪም ስም ነው። የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ታይሮይድ እንደ ጠላት ሲያጠቃት የሚመጣ ነው፣ ቀስ በቀስ ይጨርሳታል። አዮዲን በበቂ ባለበት ቦታ ለታይሮይድ መድከም ዋናው ምክንያት ይሄ ነው። የታይሮይድ ችግር ሴቶችን ከወንዶች ከአምስት እስከ ስምንት እጥፍ ያጠቃል። ምልክቶቹን ከእህቴ ላይ ሰምታችኋል፣ የሆድ ድርቀት፣ የወር አበባ መብዛት፣ ኮሌስትሮል መጨመር፣ መደበትና ማርገዝ አለመቻልም ይጨመርበታል። ልብ በሉ፣ ከነዚህ አንዳቸውም ብቻውን ስታዩት በሽታ አይመስልም፣ ባህሪ ነው የሚመስለው። «ተኝታ ነው የምትውል»፣ «አኩርፋ ነው»፣ «ሆዷን ትወዳለች»፣ «እርጅና ነው» ይባላል። ስንቷ ሴት ናት እንደዚህ እየተባለች የምትኖረው? ስንቱ ባል ነው ሚስቱን የሚቀየማት? ስንቱ አለቃ ነው ሰራተኛውን «ለስራ ፍላጎት የለህም» የሚለው?

የሚያሳዝነው መድሃኒቱ መኖሩ ነው፣ ያውም ከጥንት። እ.ኤ.አ. በ1891 መሪ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ለአንዲት የ46 አመት ሴት ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ መውጋት ጀመረ፣ ሴትየዋ ከዛ በኋላ 28 አመት ኖረች። ዛሬ በግ አያስፈልግም፣ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን አለ፣ ሰውነታችን ከሚሰራው ቲ4 ጋር ምንም ልዩነት የለውም። በጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰአት ቀድሞ ይወሰዳል። ከቡና ጋር አይሆንም፣ ቡና ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያረገዋል። የአይረንና የካልሲየም ኪኒን የምትወስዱ በመሀላቸው አራት ሰአት አድርጉ። መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቃችሁ ነው ደም የምትሰጡት፣ በሳምንቱ መጥቶ «ለምን አልወረደም» የሚል ብዙ ሰው አለ፣ ቲ4 ራሱ ለመደላደል ያን ያህል ጊዜ ይፈልጋል። መድሃኒቱን እየወሰደች ያረገዘች ሴት ደግሞ እንዳወቀች ወዲያው ለሐኪሟ ትንገር፣ አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ መጨመር አለበት። ሲሻላችሁ ደግሞ አታቁሙ! የተሻላችሁ እየወሰዳችሁት ስለሆነ ነው።

ከላብራቶሪ ወንበሬ ሆኜ አንድ ልመና አለኝ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጥ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን አለ። ብዙ መጠን ያለውን የሚወስድ ሰው ደሙ አንዳንድ ማሽን ላይ ሲገባ ውጤቱ ይዛባል፣ ቲኤስኤች ሳይወርድ የወረደ፣ ቲ4 ሳይበዛ የበዛ ሊመስል ይችላል፣ ጤነኛው ሰው በሽተኛ ይባላል። እኔ ከቱቦው ውስጥ ባዮቲን አይታየኝም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ አቁሙት፣ ደም ስትሰጡም ንገሩን።

ስለ ተቃራኒው፣ ከልክ በላይ ስለምትሰራው፣ አጠር አርጌ ልናገር። ዋናው ምክንያት ግሬቭስ የሚባለው በሽታ ነው፣ የአየርላንዱ ሐኪም ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1835 ነው የጻፈው። እዚህኛው ላይ መከላከያችን ታይሮይዷን አይገድላትም፣ እንደ ቲኤስኤች ሆኖ ያለማቋረጥ ይጠራታል፣ እሷም ያለማቋረጥ «አቤት» ትላለች። ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ በትንሹ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ላይ አይን ወደ ውጭ ይወጣል። እነዚህም «ቁጡ ነው»፣ «ሱሰኛ ሳይሆን አይቀርም» እየተባሉ ነው የሚመጡት። ህክምናው ሶስት አይነት ነው፣ ኪኒን፣ ጨረር ያለው አዮዲን፣ ወይም ቀዶ ጥገና። ኪኒኑን የሚወስድ ሰው ድንገት ትኩሳትና የጉሮሮ ህመም ከመጣበት ጉንፋን ነው ብሎ አይተኛ፣ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን በአደገኛ ሁኔታ ስለሚቀንስ በዛው ቀን ደሙ መታየት አለበት።

ጨረር ያለው አዮዲን ስል አንዳንዶቻችሁ ደንግጣችኋል፣ አየሁ። ታይሮይድ አዮዲን ስታይ ጨረር ያለውንና የሌለውን አትለይም፣ ሁለቱንም ትለቅማለች። እ.ኤ.አ. በ1986 ቸርኖቤል የሚባለው የኒውክሌር ማመንጫ ሲፈነዳ ያን የተበከለ አዮዲን በወተት በኩል የወሰዱ ብዙ ህጻናት በኋላ የታይሮይድ ካንሰር ያዛቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ሐኪሞች ደግሞ ያንኑ ባህሪዋን ለመልካም ይጠቀሙበታል፣ ከ1941 ጀምሮ፣ ተለክቶ የሚሰጠው አዮዲን ቀጥታ እጢዋ ጋ ሄዶ ከልክ ያለፈውን ስራዋን ያቆምላታል። ከልክ ያለፈ አዮዲን ራሱ ግን እጢዋን ሊያውካት ይችላል፣ ስለዚህ «ለታይሮይድ ጥሩ ነው» ተብሎ የሚሸጥ የባህር አረም ኪኒን ሁሉ ሳትጠይቁ አትዋጡ።

እህቴን ሳልጨርስ ተውኳት አይደል።

መድሃኒቱን ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም የለም፣ «ይሄ ነገር ለኔ አይሆንም» ትለኝ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ማሽኑ የሚያነበው ውስጥ ገባ፣ 31። መጠኑ ተስተካከለላት። ከዛ 9 ሆነ፣ ከዛ 2.4። 2.4ን ያየሁ ቀን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አተምኩት፣ አንዱን ለራሴ።

ግን እንደዳነች ያወቅኩት በቁጥሩ አይደለም። አንድ ቀን ማለዳ ስራ ላይ እያለሁ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለልኝ። ሳነሳው አንዲት ሴት በጠራ ድምጽ፣ ፈጠን ብላ፣ «ገና ቁርስ ሳትበላ ነው አይደል የወጣኸው?» አለችኝ። «ይቅርታ፣ ማን ልበል?» አልኳት። ዝም አለች። ከዛ ሳቀች፣ ሳቋን ስሰማ ነው ያወቅኳት። ከልጇ ስልክ ነው የደወለችው። ሁለት አመት ያልሰማሁት ድምጿ ነበር። ያኔ ነው ልጆቿ ፊት ለተናገርኩት ነገር ይቅርታ የጠየቅኳት።

እሺ፣ አሁን ጥያቄ ልቀበል። ከኋላ በኩል እንጀምር፣ እዛ ጋ እጃቸውን ያወጡት እናት፣ ማይኩን አቀብሏቸው እስቲ።